ከቪኒሉ ጀርባ የጻፍኩት ሀ፣ ለ፣ ሐ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ሜሮን አትላንታ አጠገብ ስማይርና ውስጥ ወደሚደረግ የድሮ መኪናዎች ትርኢት ይዛኝ ሄደች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኢስት ፖይንት በሚገኝ አንድ ጋራዥ የእነዚህን መኪናዎች ወንበር ስሰፋ ኖሬ፣ አልቀው ሰው ፊት ሲቆሙ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ትርኢቱ ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ሥራ ነበረኝ። ሜሮን ፋርማሲስት ናት፤ የሷም ቅዳሜ አይገኝም። "ማሚ፣ ላይክ፣ የሠራሽውን ሳታዪ ሪታየር ማድረግ አለ እንዴ?" ብላ ፈቃድ ወሰደችልኝ።

ትርኢቱ የአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ ነበር። መኪናዎቹ ኮፈናቸውን ከፍተው በረድፍ ቆመዋል። "መስል ካር" የሚሏቸው ናቸው፤ በራቸው ሁለት ብቻ፣ ሞተራቸው ትልቅ፣ ሲነሱ የቆምክበትን አስፋልት የሚያንቀጠቅጡ። ባለቤቶቹ አብዛኞቹ በኔ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ይከራከራሉ። አንዱ፣ ክብር የሚገባው ተፈትቶ እንደ አዲስ ለተሠራ መኪና ነው ይላል፤ ሌላው፣ የለም፣ ከፋብሪካ እንደወጣ እየደበዘዘም እየተላጠም ለኖረው ነው ይላል። ቀይ ጢም ያለው አንድ ሰው የአንዲት ብሎን ቀለም ልክ አይደለም ብሎ ሲሟገት ቆሜ አዳመጥኩት። ለብሎን እንዲህ የሚጨነቅ ሰው መኖሩ ገርሞኝ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ሰው የበዛው አንድ ጥቁር አረንጓዴ መኪና ዙሪያ ነው። መስተዋቱ ላይ የቆመው ካርድ መኪናው ውስጡ ያልተነካ፣ ወንበሩም ከፋብሪካ እንደወጣ መሆኑን ይናገራል። ባለቤቱ ሚስተር ሬይመንድ የሚባሉ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ሰባውን አልፈዋል። ባለ ቀይ ጢሙ ሰውዬ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ፣ ዛሬ እንዲህ የሚሰፋ ሰው እንደሌለ ለሌሎቹ ያስረዳል። ስፌቱን በጣቱ እየተከተለ የፋብሪካ እጅ ማለት ይህ ነው ይላቸዋል። ሚስተር ሬይመንድ ሲሰሙ ቆዩና ቀስ ብለው ተናገሩ።

"እናቴ በዚያ ዘመን ለመኪና ፋብሪካ ወንበር ከሚሰፉት አንዷ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰፍታለች። ይህን እሷ ትስፋው ሌላ ሰው፣ አላውቅም። ግን ስነዳ እጄን እዚህ ላይ አደርጋለሁ።"

መዳፋቸውን የቀኙ ወንበር ጠርዝ ላይ አሳረፉ። እኔም ያኔ ነው ወንበሩን በደንብ ያየሁት።

ያ ስፌት የእናታቸው አልነበረም፤ የፋብሪካም አልነበረም። የኔ ነው። ሰው የገዛ ልጁን መንገድ ላይ ቢያገኝ እንዴት ይስታል? ሜሮን ክንዴን ይዛ ምን ሆንሽ አለችኝ።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለመናገር ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

አዲስ አበባ ሳለሁ በልብስ ፋብሪካ የሸሚዝ አንገትጌ እሰፋ ነበር፤ አንገትጌ ብቻ። አትላንታ ስመጣ ያገኘሁት ሥራ ኤርፖርቱ አጠገብ መንገደኛ የሚያመላልሱ አውቶቡሶችን ማጽዳት ነው። አንዱ አውቶቡስ ውስጥ የተቀደደ ወንበር ነበር፤ በጠረግኩ ቁጥር ስፖንጁ እየተፈረፈረ ይከተለኛል። ሲሰለቸኝ ወፍራም መርፌና ክር ከቤት አምጥቼ ሰፋሁት። አለቃው ማን ነካው ብሎ ሲጠይቅ የምባረር መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የሌሎቹን አውቶቡሶች የተቀደደ ወንበር እየመራ አሳየኝ። ቆይቶም የድሮ መኪና የሚያድስ አንድ ጋራዥ ወንበር የሚሰፋ ሰው እንደሚፈልግ ሰምቶ በራሱ መኪና ወስዶ ያስተዋወቀኝ ያው ሰው ነው።

የጋራዡ የስፌት ክፍል የሚስተር ሆሊስ ነበር። ያኔ ስድሳውን የተሻገሩ፣ አነጋገራቸው ለስላሳ፣ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። እንግሊዝኛዬ እንደነገሩ መሆኑን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ሁለት ቁራጭ ነጭ ቪኒል፣ ያን ቆዳ የሚመስለውን የወንበር ልባስ፣ ሰጥተውኝ አጋጥሚው አሉኝ። ሰፍቼ ስሰጣቸው ፊቱን ሳያዩ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ሁልጊዜ ከጀርባ ነው የሚያዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱትና "ሰኞ ነይ" አሉኝ።

ሸሚዝ ሲበላሽ ተፈትቶ ይሰፋል። ቪኒል ግን መርፌ አንዴ የበሳውን ቀዳዳ ይዞት ይኖራል። ይህን የተማርኩት ከሳቸው ነው። ሊቆርጡ ሲሉ ሬዲዮ ያጠፋሉ። ነጭ ቪኒል ሲሰፉ ላብ እንዳይንጠባጠብበት ግንባራቸውን በመሐረብ ያስራሉ። መኪናው የማንም ይሁን የማን፣ ሳይታጠቡ እጃቸው ወንበር አይነካም። የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ደግሞ ትልቁን መቀሳቸውን ዘይት እንድቀባው ለኔ ይሰጡኛል። ያን መቀስ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር።

አንድ የወንበር ልባስ ከአሥራ አንድ ቁራጭ ነው የሚገጠመው። ሚስተር ሆሊስ በየቁራጩ ጀርባ ቁጥር ይጽፋሉ። የኔ ቁራጭ ከሳቸው ጋር እየተቀላቀለ ሲያስቸግረን፣ እኔ በፊደል ልጻፍ ብዬ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። ምንድነው ብለው ጠየቁ፤ አስተማርኳቸው። ወር ሳይሞላ "ሐ የት ሄደ?" ይሉኝ ጀመር። "መ" ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸውን ገጥመው እንደ ላም ይሉና ይስቃሉ።

በእነዚያ ዓመታት ስንቱን አለበስን። የጣሪያ ጨርቅ ከመሃል ተጀምሮ በእንፋሎት እየለሰለሰ ወደ ዳር እንደሚወጠር፣ የበሩ ልባስ ከወንበሩ በፊት መቆረጥ እንደሌለበት፣ ክር ሳይሰፋበት በፊት አንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ ማደር እንዳለበት ተማርኩ። የጋራዡ ባለቤት ሚስተር ዴል ክፉ ሰው አልነበረም። ደመወዛችንን አርብ ሳያሳልፍ ይሰጣል፤ ኢንሹራንስም ገብቶልናል። ይህን የምለው የሚቀጥለው ነገር ሁሉ የሱ ጥፋት ብቻ እንዳይመስል ነው።

አረንጓዴውን መኪና ሚስተር ዴል ገጠር ከአንድ የገበሬ መጋዘን ውስጥ አግኝቶ ለራሱ ገዛው፤ ጠግኖ ሊሸጠው ነው። የኋላው ወንበር ሰው ያልተቀመጠበት ይመስላል። የፊቶቹን ሁለቱን ግን አይጥ ጨርሷቸዋል። ሚስተር ዴል ሚስተር ሆሊስን ጠርቶ፣ የፊቶቹ አዲስ እንዲሰፉ፣ ግን አሮጌ እንዲመስሉ እንደሚፈልግ ነገራቸው። እሳቸውም ለገዢው ትነግረዋለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ካልጠየቀኝ ምን ብዬ እነግረዋለሁ አለ። ሚስተር ሆሊስ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሌላ ሥራ ስጠኝ አሉት። ሚስተር ዴል ወደኔ ዞረ።

አስገድዶኝ ነው ብል ውሸት ነው። እችለው ይሆን የሚል ጉጉት ነው የያዘኝ።

ሦስት ቀን የኋላውን ወንበር ብቻ አጠናሁ። በአንድ ጣት ስፋት ስንት ስፌት እንዳለ ቆጠርኩ። የሰፋው ሰው መስመሩን ሲጨርስ ወዴት እንደሚመለስ አየሁ፤ ቀስ በቀስ ግራኝ መሆኑን እስክለይ ድረስ። ከዚያ በዚያ ሰው እጅ ሰፋሁ። ልባሱን ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ለፀሐይ ዘርግቼ አሰነበትኩት። በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አሸሁት። እጥፋቱ ውስጥ ቡኒ የጫማ ቀለም ቀብቼ ጠረግኩት። ክሩን በቀጭን ሻይ ነከርኩት። ወፍራሙን ቀለም ቀቢያችንን ምሳውን እዚያ ላይ ተቀምጦ እንዲበላ ለመንኩት። ሲያልቅ ሚስተር ዴል አንድ እጁን ፊት፣ አንድ እጁን ኋላ አድርጎ መለየት አቃተው። በዕድሜዬ ሙሉ ከሠራሁት እንደሱ የተዋጣልኝ የለም። እፍረቱም እዚያ ላይ ነው።

ገዢው መጣ፤ ወጣት ሰው ነበር፣ ከሚስቱ ጋር። እኔ በተቀመጥኩበት፣ ሚስተር ሆሊስ ባሉበት፣ ወንበሩ የፋብሪካው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሚስተር ዴል አዎ አለው። ሰውዬው ከትህትና ይሁን ከምን እንጃ፣ ወደኔ ዞሮ "ቆንጆ አይደለም?" አለኝ። አንገቴን ደፍቼ መርፌው ውስጥ ክር አስገባሁ።

የዚያን ቀን ሥራ ሲያልቅ ሚስተር ሆሊስ መቀሱን ራሳቸው ዘይት ቀቡት። በማግስቱም ራሳቸው ቀቡት። ከዚያ በኋላ አብረን በሠራንባቸው ወራት ሁሉ እንደ ወትሮው ሰላም ይሉኛል፣ ያስተምሩኛል፤ መቀሱን ግን አልሰጡኝም። ጡረታ ወጡ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ባለቤታቸው በስሜ ጠርተው አቀፉኝና ሆሊስ ስላንቺ አውርቶ አይጠግብም ነበር አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

እንግዲህ ያ ወንበር ነው ስማይርና ላይ ያገኘሁት። ወጣቱ ሸጦት፣ የገዛው ደግሞ ለሚስተር ሬይመንድ ሸጦት ኖሯል። የትርኢቱ ዳኞች ከረድፉ ጫፍ ጀምረው እየመጡ ነበር፤ ያልተነኩ ለሚባሉት መኪናዎች የሚሰጠው ሽልማት ለዚህ እንደሚሆን ሰዎቹ ተስማምተዋል።

ሜሮንን ወደ ጎን ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም ደነገጠች፤ ግን ቶሎ ተረጋጋች።

"ማሚ፣ ሰውዬው ሃፒ ነው። ሚስተር ዴል ሞቷል። አሁን ብትነግሪው ማን ይጠቀማል?"

ወደ መኪናችን ሄድን፤ ቀበቶ አሰርኩ። ሜሮን ሞተሩን ስታስነሳ ግን እጄ ራሱ ቀበቶውን ፈታው። ያ ሰው እናቱን የሚፈልግበት ቦታ ላይ የኔን ውሸት እየዳሰሰ መኖሩን ካየሁ በኋላ እንዴት ብዬ እቤቴ እገባለሁ?

ስመለስ ሚስተር ሬይመንድ የመኪናውን መስተዋት እየወለወሉ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ፣ "ይህን ወንበር የሰፋሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ይህን አልጠበቅኩም። ሁለት እጄን ያዙ።

"እርስዎም ፋብሪካው ነበሩ? እናቴን ያውቋታል?"

ከዚያ የከፋ ጊዜ አላስታውስም። እጄን እንደያዙ፣ አይደለም፣ ፋብሪካ አልነበርኩም ብዬ ከአይጡ ጀምሬ እስከ ሻዩ ነገርኳቸው። እጃቸው ቀስ እያለ ለቀቀኝ። ባለ ቀይ ጢሙ ሰውዬ ቀርቦ ይሰማ ነበርና ተሳስታለች አለ። እንዲህ ያለ ወንበር ብዙ እንዳየ፣ ይህ አዲስ ሊሆን እንደማይችል በልበ ሙሉነት ተናገረ። ሌሎቹም ተሰበሰቡ። አንዱ ሴትዮዋ ምን ፈልጋ ነው ሲል ሰማሁ።

"በቀኙ ወንበር ሥር፣ ቪኒሉ በታጠፈበት ጠርዝ ላይ፣ ያገሬ ፊደል አለ" አልኩ። "በእጄ የጻፍኩት ነው።"

ሚስተር ሬይመንድ ለማንም አልተዉትም። በሩን ከፍተው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። ሜሮን በስልኳ አበራችላቸው። ጭንቅላታቸውን ከወንበሩ ሥር አስገብተው ብዙ ቆዩ። ባለ ቀይ ጢሙ ሰውዬም ጎንበስ ብሎ አየና ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር።

"ምንድነው የሚለው?" አሉ ሚስተር ሬይመንድ ከዚያው ሆነው።

"ሀ፣ ለ፣ ሐ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ምንም ማለት አይደለም። የቁራጮቹ ቅደም ተከተል ነው።"

ሲነሱ ሜሮን ክንዳቸውን ያዘች። ካርዱን ከመስተዋቱ ላይ አንስተው ለሁለት አጠፉና ኪሳቸው ከተቱ። ኮፈኑን ዘጉ። ዳኞቹ ሁለት መኪና ሲቀራቸው ሞተሩን አስነሥተው ወጡ። እኔን አላዩኝም። ሜሮን ስልክ ቁጥሬን ወረቀት ላይ ጽፋ በመስኮት እንደሰጠቻቸው ያወቅኩት በኋላ ነው። ባለ ቀይ ጢሙ ሰውዬ ታጣፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ሲያይ ቀረ።

ሜሮን ስቶን ማውንቴን ያለው ቤቴ አደረሰችኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታትም እንቅልፌ ተረበሸ። አንድ ጊዜ ልክ አደረግኩ እላለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የራሴን ሸክም ሽማግሌ ትከሻ ላይ ጥዬ መጣሁ እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን አብረውኝ ለሚጸልዩት እህቶች እንኳ አልተናገርኩም።

በስድስተኛው ሳምንት ስልኩ ጮኸ። ሚስተር ሬይመንድ ናቸው፤ መጥተው ሊያነጋግሩኝ ይፈልጋሉ። ሜሮን እኔም ልገኝ ብላ ከሥራ ቀረች። ሊከሱኝ ነው ብዬ ስለፈራሁ ጥሩ ልብሴን ለብሼ ጠበቅኳቸው።

አረንጓዴውን መኪና ደጄ ላይ አቆሙት። ገብተው ከተቀመጡ በኋላ፣ የሸጠላቸውን ሰው ደውለው እንዳነጋገሩት፣ እሱም የሚያውቀው እንደሌለ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጣሉት ሰው እንዳጡ ነገሩኝ። ስለተቆጡ ሳይሆን ስላፈሩ ያን ቀን ሳያናግሩኝ እንደሄዱ አስረዱኝ። ለሁለት ዓመት ያገኙትን ሰው ሁሉ ስለ እናታቸው እየነገሩ ያንን ወንበር አስነክተዋል።

ከዚያ የኋላውን ወንበር ነክቼው እንደሆነ ጠየቁኝ። አልነካሁትም አልኳቸው፤ የተማርኩበት እሱ ነው። ማን እንደሰፋው ይታወቅ እንደሆነ ጠየቁ። ስሙ አይታወቅም፤ ግራኝ መሆኑን ግን በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ አልኩ።

"እናቴ በቀኟ ነበር የምትሰፋው" አሉና ሳቁ። እስኪያስላቸው ድረስ ነው የሳቁት። ሜሮን ውሃ አመጣችላቸው። እኔ መሳቅም ማልቀስም አልቻልኩም፤ ለካ አንዲት ቃል ብዋሽ ኖሮ ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር።

ብርጭቆውን አስቀምጠው ጉልበታቸውን ሲያሹ ቆዩ። የመጡበት ጉዳይ ገና መሆኑ ከፊታቸው ይታወቃል።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አሉኝ። "ቀኑን ሙሉ ሲሰፉ ውለው፣ የት ጋ ነበር የሚያምዎት?"

ደነገጥኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም ወገብሽን ያምሻል ወይ ይሉኛል እንጂ የት ጋ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሜሮንም ብትሆን። ልጄ እዚያው ተቀምጣ ሳለች አውራ ጣቴን ዘረጋሁ፤ ከሥሩ አበጥ ያለውን አሳየኋቸው። ዋናው ግን ይህ አይደለም አልኳቸው። ከባድ ቪኒል ወደ መርፌው የሚገፋው የግራ እጅ ነው፤ ስለዚህ ከግራ የትከሻ አጥንት ሥር ይጀምራል። እጅ አይደርስበትም። ሌላ ሰው ካላሸለት በቀር ሰው በራሱ አያገኘውም፤ ከአንድ ነገር ላይ ካልተፈተገ።

ሚስተር ሬይመንድ ቀና አሉ።

"እናቴ ከሥራ ስትመጣ ጀርባዋን የወጥ ቤቱ በር መቃን ላይ ትፈትግ ነበር" አሉ። "እየጨፈነች። እኔና ወንድሞቼ ድብ መጣች እያልን እንስቅባት ነበር።"

መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሜሮን እኔን እያየች ነበር፤ እንዲያ አይታኝ አታውቅም። ተነሥቼ ከሳሎኑ ወደ ጓዳ የሚያስገባውን በር አሳየኋቸው። መቃኑ በግራ በኩል፣ በትከሻዬ ልክ፣ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል።